ከዳራው የተቆረጠ ፎቶ፦ ልጅ ኢያሱ፣ ጥምጥሙና ወሎ

ሐይቅ ዳር ቆሞ ፎቶ የተነሣ ወጣት ዛሬ ስልኩን አንዴ ሲነካ ውሃውም ተራራውም ይጠፋሉ፤ እሱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ዱባይ ላይ ሊቆም ወይም በሕይወት ከሌሉት አባቱ ጎን ሊቀመጥ ይችላል። ፎቶ ቤቶች ይህን ለምርቃትና ለማስታወሻ ሲሠሩት ማንም አይከፋም፤ መቀናበሩን ሁሉም ያውቃልና። ችግሩ የሚመጣው መቆረጡ ሲደበቅ ነው። እኛ ደግሞ የዚህን ዋጋ የከፈልነው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው።

ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት ሰሞን፣ ጥምጥም ጠምጥመው እንደ ሙስሊም ለብሰው ያሳያል የተባለ ፎቶግራፍ ለክሱ ማስረጃ ሆኖ ዞሯል። ሪቻርድ ፓንክረስትን ጨምሮ ስለ ዘመኑ የጻፉ ሰዎች ፎቶው ተቀናብሮ የተሠራ ነው የሚለውን ጉዳይ አንሥተዋል። ሌሎች ደግሞ ልዑሉ በምሥራቅ ኢትዮጵያ እንዲያ ለብሰው መታየታቸው እውነት ነው ይላሉ።

በዚያ ዘመን ማቀናበር ይቻል ነበር? በሚገባ። የሰውየውን ምስል ከታተመ ፎቶ ላይ በምላጭ ቆርጦ ማውጣት፣ ሌላ ፎቶ ላይ መለጠፍ፣ የመጋጠሚያውን ጠርዝ በብሩሽና በቀለም ማድበስበስ፣ ከዚያ የተለጠፈውን እንደገና ፎቶ ማንሣት ነው። በአዲሱ ፎቶ ላይ ሙጫው አይታይም። ፎቶሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል ይህንኑ ሥራ ወደ ስክሪን አመጣው እንጂ አልፈጠረውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ፎቶው እውነተኛ ነው እንበል። ምን አረጋገጠ?

የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል መሐመድ ዓሊ ተብለው ያደጉ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የተጠመቁ ናቸው። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾችን ማግኘት ብርቅ አይደለም። ጥምጥም ደግሞ ሼኩም ቄሱም ይጠመጥማሉ። በዚህ ዳራ ላይ የልዑሉ ጥምጥም የአገሩ ወግ ነው። ከዳራው ተቆርጦ አዲስ አበባ ሲቀርብ ግን ክህደት ሆነ። ስለዚህ ምላጭ ባይነካው እንኳ ያ ፎቶ ተቆርጧል፤ የተቆረጠውም ወሎ ነው።

እርግጥ ፎቶ ብቻውን ዙፋን አይገለብጥም። የሸዋ መኳንንት ቅሬታ ነበራቸው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖችም በዓለም ጦርነቱ መካከል የልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ማዘንበል አስግቷቸዋል። ፎቶው ያደረገው ይህን ሁሉ የሥልጣን ጉዳይ ማንም በአንድ እይታ ወደሚረዳው የሃይማኖት ክስ መለወጥ ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሻሩ፤ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የዘመቱበት ጦር ሰገሌ ላይ ተሸነፈ፤ እሳቸውም ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ።

አምባሰል ደግሞ ይህን ሐዘን ከሁለት በኩል ነው የቀመሰችው። የተፈሪ ባለቤት፣ በኋላ እቴጌ የሆኑት መነን፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የልጅ ኢያሱ እኅት ናቸው። ሰገሌ ላይ የተሸነፉት አያታቸው፣ የተሻሩት አጎታቸው፣ ያሸነፉት ባላቸው ነበሩ። "ከሃዲ" የተባለው ሰው ለብዙዎቹ ከሳሾች ባዕድ አልነበረም፤ ዘመድ ነበር። ፎቶው ላይ ያልታየው ይሄ ነው።

ዛሬስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አምባሰልንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ፣ ከሌላ ቦታና ከሌላ ዓመት የተወሰዱ ፎቶዎች የእኛ ተብለው በስልካችን ሲዞሩ አይተናል። ብዙዎቹ ፎቶሾፕ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ከቦታቸውና ከቀናቸው መቁረጥ በቂ ነበር።

እናም የሚያስቆጣ ፎቶ ሲደርሳችሁ የጥላውን አቅጣጫና የጸጉሩን ጠርዝ መመርመር ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ከዚህ ሰው ጀርባ ምን ነበር? መልሱ ሳይገኝ ፎቶውን ለሌላ አታስተላልፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሰገሌ ላይ ለወደቁት ግን አልደረሰላቸውም።