የውጅግራ አረርና የንብ ሰም



ስለ አርበኝነት ዘመን በተነገረ ቍጥር ጠመንጃ በስሙ ይጠራል። ውጅግራ፥ ስናድር፥ ምንሽር፥ ለበን እየተባለ ይፎከርበታል፤ ይዘፈንበታል። ጠመንጃው የሚጐርሰው ነገር ግን እምብዛም አይነሣም። ጥይት ያጣ ጠመንጃ ከዱላ የሚለየው በክብደቱ ብቻ ነው፤ በጠላት ወረራ ዘመን በጐጃም ደጋና በዓባይ በረሃ የተዋጋውን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቸገረው ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ ነበር። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ትልቁን የጦር ሜዳ ታሪክ ለጊዜው ትተን ወደ አንዲት ትንሽ ነገር ዝቅ እንላለን፤ ይህችውም በቀለህ አፍ ላይ የምትቀመጠው የእርሳስ አረር፥ የአረሯ ልክና በአረሯ ላይ የሚቀባው ሰም ናት።

በመጀመሪያ ጠመንጃዎቹ ከየት እንደ መጡ ባጭሩ እናስታውስ። ስናድር የተባለው በኋላው የሚጐርስ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የተሞከረው ባገራችን ምድር፥ ከመቅደላ በታች በእሮጌ ሜዳ፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም. ነው። በ1868 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል በመቱ ጊዜ ደግሞ ብዙ ረሚንግቶን ተማረከ። ከዚያ ወዲህ በታጁራና በኦቦክ፥ ኋላም በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ ነጋዴዎች ጠመንጃ እየጫኑ ወደ ሸዋ ይወጡ ጀመር፤ ባለቅኔው አርቱር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ. ም. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ መጥቷል። ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ለሠራዊታቸው ያስታጠቁት፥ እነርሱ «ፉዚል ግራ» የሚሉት ጠመንጃ ባገራችን ሰው አፍ ውጅግራ ሆነ፤ በ1888 ዓ. ም. በዓድዋ ከተሰለፉት መሣሪያዎችም በብዛቱ ከታወቁት አንዱ ይኸው ነበር።

በዚያው ዘመን ጥይት ለመተኰሻ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ አልነበረም። በገበያ እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ይሰጥና ይቀበሉት ነበር። በርበሬና ማር በጥይት በሚሸመትበት አገር ጥይትን በከንቱ መተኰስ ገንዘብን ወደ ሰማይ መወርወር ነበርና ባላገሩ ከተኰሰም በኋላ ቀለሁን አይጥለውም፤ አንሥቶ ያስቀምጠዋል። ይህን ያደረገው በስስት አይደለም። ቀለህ ተመልሶ የሚሞላ ዕቃ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

የውጅግራ ጥይት ከአራት ነገሮች ይሰናዳል፤ እነዚህም የናሱ ቀለህ፥ እሳት የምትሰጠው ካፕሱል፥ ባሩዱና አረሩ ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጣ የአረሩ ክብደት 25 ግራም፥ የባሩዱ 5 ግራም ከሩብ ነው፤ የአፈ ሙዙም ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው። ቀለሁ ወፍራምና ከአንድ ወጥ ናስ የተሳበ ስለ ሆነ ደጋግሞ መሞላትን ይችላል። የስናድር የመጀመሪያው ቀለህ ግን ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ የተሠራ ስለ ነበረ አንዴ ከተተኰሰ በኋላ እንደ ውጅግራው አይመችም። ጥቍሩ ባሩድ ባገር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይሠራ ነበር። የካፕሱሉ ነገር የራሱ ሰፊ ወሬ ስላለው ለሌላ ቀን ይቈየን። እንግዲህ የቀረው አረሩ ነው።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሙቀት ስለሚቀልጥ በማናቸውም የከሰል ምድጃ ላይ ይፈስሳል። አቅልጦ በመቅረጫ ማፍሰስ ለባለሙያ ቀላል ነው፤ ለጀማሪም ቢሆን የማይቻል አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመቅረጫው የወጣ አረር ሁሉ እኩል አይሆንም። እርሳሱ እጅግ ሲግልና ሲበርድ፥ መቅረጫውም በደንብ ሲገጥምና ሳይገጥም የአረሩ ውፍረት በፀጕር ያህል ይለያያል። ይህ የፀጕር ያህል ልዩነት በእጅ ሲዳሰስ አይታወቅም፤ በጠመንጃው ውስጥ ግን ይታወቃል። አረሩ ከወፈረ ጥይቱ በጕሮሮው አይገባም፤ በግድ ቢገባም ከልክ ያለፈ ግፊት ያመጣል። ከቀጠነ ደግሞ የባሩዱ እሳት በጐኑ እያለፈ እርሳሱን ይልሰዋል፤ አረሩም ጠመዝማዛውን ቦይ በሚገባ ሳይዝ ስለሚወጣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለስላሳ እርሳስ በጥቍር ባሩድ ሲገፋ ከኋላው ጥቂት አበጥ ብሎ አፈ ሙዙን የመሙላት ጠባይ ስላለው፥ ትንሽ መቅጠን ከትንሽ መወፈር ይሻላል። ይህ ጠባዩ ብዙ ሰው ከሞት አድኗል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ሰሙ ነው። ደረቅ እርሳስ በብረት ላይ በፍጥነት ሲፋተግ ከገላው እየላጠ በቦዩ ውስጥ ይለጠፋል። ጥቍሩም ባሩድ ሲነድ ወፍራም ጥላሸት ይተዋል፤ ጥላሸቱ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። አንድ ሁለት ጊዜ ቢተኰስ ምንም አይደለም፤ አሥር ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ ግን ጠመንጃው ይታመማል። አረሩ በሰምና በሞራ ከተቀባ ቅባቱ እርሳሱን ከብረቱ ይለየዋል፤ ጥላሸቱንም ያለሰልሰዋል። ፈረንሳዮች ለውጅግራው የመረጡት ብልሃት አረሩን በስስ ወረቀት መጠቅለልና ከሥሩ የሰም ወፍጮ የመሰለ ክብ ማስቀመጥ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ የስናድርን አረር በጐኑ ቦይ አውጥተው በንጹሕ የንብ ሰም ሞሉት።

የጥይት ቅባት ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1849 ዓ. ም. በህንድ አገር የነበሩት ወታደሮቻቸው ያመፁበት አንዱ ምክንያት የጥይቱ ወረቀት በላምና በዐሣማ ሞራ ተቀብቷል መባሉ ነው፤ ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ መቅደድ ነበረበትና ህንዱም እስላሙም ሃይማኖታችን ረከሰ ብሎ ተነሣ። አንድ ታላቅ መንግሥት ሊናወጥ የቻለው በሚቀባ ነገር መሆኑን ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሜሪካኖች ይህን ሥራ ወደ መኪና አዛወሩት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ጆን ባርሎ የተባለ ሰው በኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ጥይት ለሚሞሉ አዳኞች መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ በ1925 ድርጅቱ ወደ ላይማን ኩባንያ ተዛወረ። ከነዚህ ድርጅቶች ዕቃዎች አንዱ በጠረጴዛ ላይ የምትታሰር፥ ሰም የምትቀባና ልክ የምታወጣ የእጅ መኪና ናት። ሠራተኛው አረሩን በአረብ ብረት ቀለበት አፍ ላይ አቁሞ እጀታውን ወደ ታች ይጫናል፤ አረሩ በቀለበቱ ውስጥ ሲያልፍ ትርፉ ይጨመቃል፤ በዚያው ቅጽበት በቀለበቱ ግድግዳ ካሉት ቀዳዳዎች ሰም ተገፍቶ የአረሩን ቦዮች ይሞላል። እጀታው ሲነሣ አረሩ በልኩና በቅባቱ ተሰናድቶ ይወጣል። ቀድሞ አረሩን አንድ በአንድ ደርድሮ የቀለጠ ሰም ሲያፈስስበት፥ ከረጋም በኋላ እየፈለቀቀና እየጠረገ ሲውል የነበረ ሰው ወደዚህች መኪና ሲዛወር ያተረፈው ጊዜን ብቻ አይደለም። መቶውም አረር አንድ ዓይነት ሆነለት፤ መቶውም አንድ ዓይነት ከሆነ ዒላማን የሚስት ተኳሽ ማመካኛ የለውም።

በጐጃም እንዲህ ያለች መኪና አልነበረችም። በ1930 ዓ. ም. አገሩ በጠላት ላይ ሲነሣ፥ በቢቸና በኩል ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፥ በሌላውም አውራጃ እነ ቢትወደድ መንገሻ ጀምበሬና ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ሲዋጉ፥ ጥይት የሚገኘው ከጠላት በመማረክ፥ በውድ ዋጋ በመግዛት ወይም የተተኰሰውን ቀለህ መልሶ በመሙላት ነበር። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ. ም. ወደ ጐጃም እስኪገባ ድረስ ከውጭ የሚደርስ ርዳታ ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ የመጣው ለተነሣው ሕዝብ ሁሉ የሚበቃ አልሆነም።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከኢጣሊያኖች የተማረከው ጠመንጃ አዲስ፥ ቀላልና አምስት ስድስት ጥይት ባንድ ጊዜ የሚጐርስ ነው። አረሩ ግን 6 ሚሊሜትር ከግማሽ ብቻ ስፋት ያለው፥ በጠንካራ ብረት የተለበጠና በሰኮንድ 700 ሜትር ያህል የሚበርር ስለ ሆነ በሰው ቤት ምድጃ አይፈስስም፤ በዚያ ፍጥነት የተገፋ ራቍት እርሳስ በአፈ ሙዙ ውስጥ ተልጦ ይቀራልና። ስለዚህ የተማረከው ጠመንጃ የሚኖረው የተማረከ ጥይት እስካለ ድረስ ነው። አሮጌው ውጅግራ ግን በሰኮንድ 450 ሜትር ብቻ የሚገፋ በመሆኑ እርሳስ፥ ባሩድና ሰም ይበቃዋል። በአውሮፓ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ብዙ ዘመን ያለፈው፥ ሲተኰስ ጢሱ ተኳሹን የሚያጋልጠው፥ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርሰው ያ ጠመንጃ በጐጃም ገደል ውስጥ ያልሞተው ቀለቡ ከመንደር ስለሚወጣ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የውጅግራን ዕድሜ ያረዘመው ብረቱ ሳይሆን ይህ ነው።

ሰም ከሆነ ጐጃም አይቸገርም። ማር ያለበት አገር ነው፤ ማር ያለበት ሁሉ ሰም አለ። የሰም ጥቅም ለጠጅ ቤቱም ለቤተ ክርስቲያኑም የታወቀ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስን በመሰለ ገዳም ሌሊት ማሕሌት የሚቆምበት ጧፍ ከምን እንደሚሠራ ያልተማረም ያውቃል። ዲማን ብዙ ሰው የሚያውቃት በቅኔ ቤቷ፥ ከዚያም በክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከገዳሙ አገር የወጣ ሰው ደጋውን ትቶ ወደ ዓባይ ሲወርድ ባንድ ቀን ከብርድ ወደ ሐሩር ይገባል፤ የወንዙ ዳር ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ከሺህ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚህ ላይ የቅባቱ ጠባይ ይፈተናል። ሞራ ብቻውን በቈላው ሙቀት ቀልጦ ከአረሩ ይወርድና ባሩዱን ያበላሸዋል። ሰም 63 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ስለማይቀልጥ ቈላውን ይችላል፤ በደጋ ውርጭ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሸፍናል፤ ለቈላ ሰሙ፥ ለደጋ ሞራው ይበዛል። ልክ ማውጣቱም ያለ መኪና የሚሆነው በጣትና በዓይን ነው፤ አረሩን በሁለት ለስላሳ ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል እያንከባለሉ፥ ወይም በልኩ በተበሳ ብረት ውስጥ በመዶሻ ቀስ ብለው እያሳለፉ ነው። አሜሪካዊው በአንድ የእጀታ ጫና የሚጨርሰውን ይህ ሰው በትዕግሥት ይጨርሰዋል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ጠላት ፊት ሲቆም ነው።

ይህ ብረት የመብሳትና እርሳስ የማፍሰስ ሥራ ባገራችን የማን ሥራ ነበር? የቀጥቃጩ ነበር። ጦሩንና ማረሻውን የሚሠራውን፥ የተሰበረውን ጠመንጃ የሚጠግነውን ሰው ጠይብ፥ ቡዳ እያለ የሰደበው ሕዝብ ይኸው በጠመንጃው የሚፎክረው ሕዝብ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል የጠና እንደ ነበረ ያስረዳል። ዐዋጁ ከተነገረ ከሠላሳ ዓመት በኋላም በአርበኝነት ጊዜ ቀጥቃጩ ለአርበኛው የተፈለገውን ያህል በማኅበር አልተፈለገም። በቅኔ ቤት «ሰምና ወርቅ» የሚለው አነጋገር ራሱ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ መሆኑን እያወቅን፥ በሰም ቅርጽ አውጥቶ ወርቅ የሚያፈስሰውን ሰው ከማዕድ ስናርቅ ኖረናል።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. በኦሜድላ ገብተው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ፥ ከየገደሉ ወጥቶ ከተቀበላቸው አርበኛ ትከሻ ላይ አዲሱም አሮጌውም ጠመንጃ ነበረ። የአለቆቹ ስም ተጽፏል፤ ደጃዝማች በላይም በ1937 ዓ. ም. በስቅላት ቢሞቱም ስማቸው ከሕዝብ አፍ አልጠፋም። የዚያን ቀለህ ሞይ፥ የዚያን እርሳስ አፍሳሽ ስም የያዘ መዝገብ ግን እጄ አልገባም። ከአድማጮቻችን መካከል አባቱ ወይም አያቱ በዚህ ሥራ የነበረ፥ ወይም የእርሳስ መቅረጫና ልክ ማውጫ ብረት በቤቱ ተቀምጦ የሚያገኝ ሰው ቢኖር፥ የሠሪውን ስምና መንደሩን በወረቀት ላይ አስፍሮ ከዕቃው ጋር ቢያኖርልን እናመሰግነዋለን።