ከባድ የናፍጣ ፒክአፕ

ከባድ የናፍጣ ፒክአፕ ከተራው ፒክአፕ የጠነከረ ሻንሲ፣ አክስልና ፍሬን ያለው፣ በቱርቦ በታገዘ የናፍጣ ሞተር የሚንቀሳቀስና በተለይ ከባድ ተሳቢ ለመጎተት የሚመረጥ ተሽከርካሪ ነው። ዋና ገበያው ሰሜን አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል ዶጅ ራም ላይ የተገጠመው 5.9 ሊትር የከሚንስ ሞተር ለዛሬው ዓይነት መሠረት ጥሏል፤ ጉልበቱ 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢሆንም ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) 542 ኒውተን ሜትር ነበር። ፎርድ በ1994 ፓወር ስትሮክ የተባለውን፣ ጄኔራል ሞተርስ ከኢሱዙ ጋር በ2001 ዱራማክስ የተባለውን የናፍጣ ሞተር አስከተሉ።

ተሳቢን ከቆመበት የሚያስነሳው ቶርክ እንጂ የፈረስ ጉልበት አይደለም። የናፍጣ ሞተር በከፍተኛ እመቃ ስለሚሠራና ቱርቦው ብዙ አየር ስለሚሞላበት ከፍተኛ ቶርኩን በዝቅተኛ ዙር ይሰጣል። በ2023 ሞዴል የፎርድ ብርቱ ሞተር 500 የፈረስ ጉልበትና 1,627 ኒውተን ሜትር ሲደርስ፣ ለመጎተት የተዘጋጀው የፎርድ ኤፍ-450 ፒክአፕ ወደ 18 ቶን ይስባል። እንዲህ ያለው ክብደት የሚጎተተው ማያያዣው ከኋላ አክስል በላይ፣ በጭነት ሳጥኑ ወለል ላይ ሲተከል ነው።

በጥንካሬ ረገድ የሞተሮቹ አሠራር ይለያያል። የከሚንስ 6.7 ሊትር ሞተር ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ሲሆን፣ ክራንክ ሻፍቱን ሰባት ዋና ኩሽኔቶች ይሸከሙታል፤ የፎርድና የዱራማክስ ቪ-8 ሞተሮች አምስት አምስት አላቸው። ከሞተሩ ጥንካሬ ሌላ፣ የጭሱን መውጫ በማጥበብ ተሽከርካሪውን የሚያዘገየውና በቁልቁለት የጎማ ፍሬኑን ከመጋል የሚያድነው የጭስ ማውጫ ፍሬን ከጉልበቱ የማይተናነስ ጠቀሜታ አለው።