የድምፅ መክፈቻ ቁልፍና የአሮጌው ማጉያ ታሪክ



ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። የሬዲዮን ድምፅ ስንጨምርና ስንቀንስ የምናዞራትን ቁልፍ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከቁልፏ በስተጀርባ ያለው መቆጣጠሪያ ግን ብዙም አይታወቅም፤ ሲበላሽም ብዙዎቻችን ሙሉውን ዕቃ እንጥላለን።

ነገሩን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እዚሁ ፔታህ ትክቫ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ክራራቸውን ከአሮጌ አሜሪካ ሠራሽ የጊታር ማጉያ ጋር አገናኝተው በሠርግ ላይ ይጫወታሉ። የልጅ ልጃቸው ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማጉያው ቁልፉ በተነካ ቁጥር ይንጫጫ ጀመር። ልጃቸው ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ነገር አርጅቷል፤ ጥለን አዲስ እንግዛላቸው?» አለኝ። «ልጄ፣ ቁንጫ አስቸገረኝ ብሎ ቤቱን የሚያቃጥል አለ ወይ?» ስል መለስኩለት።

ለመሆኑ የአገራችን ሙዚቃና የኤሌክትሪክ ማጉያ እንዴት ተገናኙ? የዘመናዊው ሙዚቃችን ታሪክ አንዱ ጫፍ ከዚህ ከእኛ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም አርባ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ወደ አዲስ አበባም አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ።

የነሐስ መሣሪያ ማጉያ አያሻውም፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ያሻዋል። በ1960ዎቹ ጊታር፣ ቤዝና ኦርጋን በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ተስፋፉ። በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ከ1974 ለውጥ በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ በክበብ ያመሸ ሰው እዚያው ያድር፣ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ሌሊቱን ሁሉ የሚሠራ ማጉያ ደግሞ ቁልፉ ቶሎ ይበላል። የውጭ ምንዛሪ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለነበረ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። ሬዲዮ ጠጋኝ ከሞተው ነቅሎ ለታመመው ሲተክል ያያችሁ ታስታውሳላችሁ።

አሁን ወደ ዕቃዋ እንመለስ። ስሟ ፖቴንሺዮሜትር ነው። በውስጧ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የካርቦን መንገድ አለ፤ ቁልፉን ስናዞር አንዲት ትንሽ ብረት በላዩ ትሄዳለች። አቧራ ሲገባ ወይም ካርቦኑ ሲበላ ድምፁ ይንጫጫል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ርጭት መሞከር ይበጃል። አንዳንዴም ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን ከአጠገቧ ያለ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ሲያሾልክ ነው፤ ያን ጊዜ አሥር ብትለውጡ ጩኸቱ አይቆምም።

የጎረቤቴ ልጅ ማጽጃው ስላልረዳው ወደ አንድ መደብር ሄዶ «1 ሜጋኦም» ብሎ ገዛ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ከተገጠመ በኋላ ግን አዛውንቱ፣ «ክራሬ ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮኻል፤ መካከል የለውም» አሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ለድምፅ መጠን የሚስማማው ሎጋሪትሚ የሚባለው ዓይነት ሲሆን የተሸጠለት ሊኒያሪ ነበር። በፊደልም አትመኑ። በአሜሪካና በጃፓን ዕቃ ኤ ሎጋሪትሚ፣ ቢ ሊኒያሪ ነው፤ በብዙ የቆዩ የአውሮፓ ዕቃዎች ግን ኤ ሊኒያሪ ነው። ቁልፉን መካከል ላይ አቁማችሁ በሜትር አስለኩ፤ ሊኒያሪው የሙሉውን ግማሽ ያህል፣ ሎጋሪትሚው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ያሳያል።

ዘንጉንም ለኩ። የአሜሪካው 6.35 ሚሊሜትር፣ የብዙዎቹ የአውሮፓና የእስያ ዕቃዎች 6 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አሮጌው ቁልፍ በአዲሱ ዘንግ ላይ ይላወሳል። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ዕቃ በእጅ ይዞ መሄድ ነው። ዕብራይስጡ ገና ላልገባችሁ፣ ማጉያ «ማግቤር»፣ ቁልፉ «ካፍቶር»፣ ዕቃዋ «ፖቴንሲዮሜተር» ወይም «ናጋድ ሚሽታኔ» ትባላለች።

አሮጌውን ስንፈታ ግን ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። በጀርባው 1376542 ተብሎ ተቀርጿል። 137 ሲ.ቲ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ መለያ ነው፤ 65 ዓመቱ፣ 42 ሳምንቱ ነው። ዕቃዋ በ1965 ጥቅምት ገደማ ተሠርታለች ማለት ነው። ማጉያው ራሱ ከዚያ በኋላ የተገጣጠመ ነው፤ ፋብሪካዎች መለዋወጫ ገዝተው ያከማቹ ነበርና። ወጣቱ ጣቱን ቆጠረና፣ «አባባ ያኔ በጎንደር እረኛ ነበሩ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ መጣል አላነሣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። በቫልቭ የሚሠራ አሮጌ ማጉያ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሊያቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ሙያው የሌለው አይክፈተው፤ ሥራውን ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡ። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራውንም ያለ ትራንስፎርመር በእስራኤል 230 ቮልት ላይ አትሰኩት፤ ይቃጠላል።

ሁለተኛዋ ዕቃ ሎጋሪትሚ ነበረች፤ ጠጋኙም ለሠርጉ አደረሰልን። አዛውንቱ ቁልፉን ቀስ ብለው ሲያዞሩ ክራሩ ከሹክሹክታ ተነሥቶ አዳራሹን ሞላ። አሮጌዋን ዕቃ ልጃቸው በፖስታ አሽጎ ከሣጥኑ ውስጥ አስቀመጣት።

እናንተም የወላጆቻችሁ ዕቃ ሲታመም ከመጣላችሁ በፊት የታመመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቁ። የምትለውጡትን ለውጡ፤ የነቀላችሁትን ግን አስቀምጡ፤ ታሪኩ የተጻፈው በእርሱ ላይ ሊሆን ይችላልና።