ቤትን በመኪና ጭኖ ወደ ባሕር ጠረፍ መውረድ

ከመካከላችሁ የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ ጽፎ የማያውቅ አይገኝም። የዛሬው ንግግራችንም የዚሁ የፈቃድ ነገር ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኒስ ከተማ ዙሪያ ያለው የሜዲቴራኒያን ጠረፍ በፀሐዩ የታወቀ ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ያ ፀሐይ የመኳንንትና የባለጸጎች ነበረ፤ እነርሱም የሚመጡት የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ነው። የኒስ ታላቁ የጠረፍ ጎዳና እስከ ዛሬ «የእንግሊዞች መንገድ» መባሉ ስለዚህ ነው። ድኻው ወደዚያ ቢሄድ ሻንጣ ለመሸከም ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. የሌዎን ብሉም መንግሥት ለሠራተኛው ከነደመወዙ የ2 ሳምንት የዓመት ፈቃድ ደነገገ። ፈቃዱ ተገኘ፤ የሆቴሉ ሒሳብ ግን በአዋጅ አልቀረም። ልጆች ያሉት ሰው ይህን ሳንነግረው ያውቀዋል!

አንዱ መላ ከወደ ጀርመን መጣ። ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ ነጋዴ በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ የነደፈው ሣጥን መሳይ መኪና በ1950 ከፎልክስዋገን ፋብሪካ ወጣ። በ1951 ደግሞ ቬስትፋሊያ የተባለው ድርጅት መኝታና ቁም ሣጥን የሚሆን ዕቃ ሠራለት። ብልሃቱ ዕቃው ተነቃይ መሆኑ ነው፤ ይኸውም በሥራ ቀን ሸቀጥ የሚያመላልሰው መኪና በፈቃድ ጊዜ የቤተ ሰብ ማደሪያ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ከፓሪስ ተነሥቶ በ7ኛው ብሔራዊ መንገድ ወደ ጠረፉ ይወርዳል፤ እናት በመኪናው ደጃፍ ቡና ስታፈላ ልጆቹ መኳንንቱ በተመላለሱበት ዳር ይዋኛሉ። ዛሬ ግን በጠረፉ ብዙ ስፍራዎች መኪና አቁሞ ማደር ክልክል ነው፤ ባለመኪናው ወደ ተፈቀደው ሰፈር ገብቶ የሌሊቱን ኪራይ ይከፍላል።