የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ጥበቃ በትጥቅ ግጭት ወቅት (አዊ ዞን)

በውጊያ ወቅትም ሰዎች ምግብ፣ ሕክምና፣ ትምህርት፣ መተዳደሪያና የባህል ሕይወት እንዳያጡ የሚጠብቅ ሕጋዊ ግዴታ።

የሕግ መሠረት፦ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። ቃል ኪዳኑ በአስቸኳይ ጊዜ መብቶቹን ማገድን የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም። በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል መንግሥትንም ታጣቂ ወገንንም ያስገድዳል፤ አንቀጽ 11 የሕክምና ተቋማትን ይጠብቃል፣ አንቀጽ 14 ደግሞ ሰላማዊ ሰዎችን ማስራብን እንዲሁም ሰብልን፣ ከብትንና የመጠጥ ውኃን ማውደምን ይከለክላል። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት እነዚህን መብቶች በአንቀጽ 41 ይደነግጋል።

በአዊ፦ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሳውን ግጭት ተከትሎ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. አዊ ዞን በሚገኝበት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በክልሉ ሚሊዮኖች ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ራቁ። የዞኑ ከተሞች እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙት አዲስ አበባን በደብረ ማርቆስ በኩል ከባሕር ዳር በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ማዳበሪያ ለገበሬው፣ መድኃኒት ለሕመምተኛው፣ የአዊ ድንችም ለገበያ በጊዜው አይደርስም።

ባህላዊ ገጽታ፦ የአዊ አገው ሕዝብ ቋንቋ የሆነው አውኚ በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ በመሆኑ፣ የትምህርት ቤት መዘጋት የቋንቋ መብትንም ይነካል። በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ሰላማዊ መሰባሰብን ይሻል።

የእነዚህ መብቶች ጥበቃ ሰላም እስኪመጣ የሚዘገይ አይደለም፤ ውጊያው እየተካሄደም ሁሉም ወገን ሊፈጽመው የሚገባ ግዴታ ነው።