በቼዝ ውድድር የአቻ ውጤት ዋጋ፤ ግማሽ ነጥብ እንዴት ይቆጠራል?

እ.አ.አ ኤፕሪል 1 ቀን 2013 በለንደን ከተማ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑን የሚገጥመውን ተጫዋች ለመለየት ሲካሄድ የቆየው ውድድር የመጨረሻ ዙሩ ላይ ደረሰ። ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን እና ሩሲያዊው ቭላድሚር ክራምኒክ በእኩል ነጥብ ይመሩ ነበር። በዚያ ቀን ሁለቱም ተሸነፉ። እያንዳንዳቸው ከ14 ጨዋታ 8 ነጥብ ተኩል ይዘው ጨረሱ፤ እርስ በርስ ያደረጓቸው ሁለት ጨዋታዎችም በአቻ ውጤት የተቋጩ ነበሩ። የዓለም ሻምፒዮናውን በር የሚከፍተው አንድ ቦታ ብቻ በመሆኑ ዳኞቹ ወደ ቀጣዩ መለያ ደንብ ተሻገሩ፤ ብዙ ያሸነፈው ማን ነው? ካርልሰን 5 ጊዜ፣ ክራምኒክ ደግሞ 4 ጊዜ አሸንፈው ነበር። ካርልሰን አለፈ። በዚያው ዓመት በህንድ ቼናይ ከተማ ቪስዋናታን አናንድን ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የሚገርመው ካርልሰን ከክራምኒክ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተሸነፈ መሆኑ ነው፤ እርሱ 2 ጊዜ፣ ክራምኒክ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። መለያው "ጥቂት የተሸነፈ ይለፍ" የሚል ቢሆን ኖሮ ተጓዡ ሌላ ነበር። በቼዝ ውጤት አቆጣጠር ውስጥ ትንሽ የምትመስል ደንብ የሰውን የሕይወት መንገድ ልትወስን እንደምትችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

መሠረታዊው ስሌት ቀላል ነው። ያሸነፈ 1 ነጥብ፣ የተሸነፈ 0፣ አቻ የወጡ ደግሞ ግማሽ ግማሽ ነጥብ ያገኛሉ። ጨዋታ በአቻ የሚያልቅባቸው መንገዶች ግን በርካታ ናቸው። ተራው የደረሰው ተጫዋች ንጉሡ ሳይጠቃ አንድም ሕጋዊ እንቅስቃሴ ካጣ፣ ስቴልሜት ይባላል፣ ጨዋታው በአቻ ይዘጋል። በሰሌዳው ላይ የቀሩት ጠጠሮች ንጉሥን መያዝ የማይችሉ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ንጉሥና አንድ ፈረስ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ሲገጥሙ፣ ውጤቱ ያው ነው። አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከተደገመ፣ ወይም ሁለቱም ተጫዋቾች በየበኩላቸው 50 ጊዜ ሲያንቀሳቅሱ ጠጠር ካልተበላና ወታደር ወደፊት ካልተራመደ ተጫዋቹ አቻ መጠየቅ ይችላል። ድግግሞሹ አምስት፣ እንቅስቃሴው ደግሞ 75 ከደረሰ ጠያቂ አያስፈልግም፤ ዳኛው ራሱ ጨዋታውን ያቆማል። ከሁሉም ይበልጥ ክርክር የሚያስነሳው አምስተኛው መንገድ ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች እጅ ለእጅ ተጨባብጠው የሚስማሙበት አቻ።

ግማሽ ነጥብ ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። እ.አ.አ በ1862 በለንደን በተካሄደው ውድድር አቻ የወጣ ጨዋታ እንደገና ይደገም ነበር። በ1867 በፓሪስ በተደረገው ውድድር አቻ ለሁለቱም ዜሮ ሆኖ ተቆጠረ። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ግማሽ ነጥብ ተሰጠ፤ ቆይቶም የዓለም ልማድ የሆነው ይኸው ነው። በሀገራችን የቀድሞው ሰንጠረጅ ጨዋታም ድል ሁሉ እኩል አልነበረም፤ ንጉሡ በየትኛው ጠጠር እንደ ተያዘ ለአሸናፊው ክብር ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደ ነበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙ ተጓዦች ጽፈዋል።

አቻ ምንም ባይቆጠርስ? ይህ ጥያቄ በሞስኮ እጅግ ውድ በሆነ መንገድ ተፈትኗል። እ.አ.አ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984 የዓለም ሻምፒዮኑ አናቶሊ ካርፖቭ እና የ21 ዓመቱ ጋሪ ካስፓሮቭ ፍልሚያቸውን ጀመሩ። ደንቡ ስድስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል፤ አቻ አይቆጠርም የሚል ነበር። ካርፖቭ በመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 4 ለ 0 መራ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ካስፓሮቭ ግን መሸነፍን እንጂ አቻን መፍራት እንደማያስፈልገው ተረዳ፤ ቀጥሎ የመጡት 17 ጨዋታዎች በተከታታይ በአቻ ተጠናቀቁ። በ27ኛው ጨዋታ ካርፖቭ 5 ለ 0 አደረሰው። አንድ ድል ብቻ ቀረው፤ ያቺ አንዷ ግን አልመጣችም። ካስፓሮቭ 32ኛውን አሸነፈ፣ ሌሎች 14 አቻዎች ተከተሉ፣ ከዚያም 47ኛውንና 48ኛውን በተከታታይ ወሰደ።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1985 የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ፕሬዚዳንት ፍሎሬንሲዮ ካምፖማኔስ ውድድሩን ያለ አሸናፊ አቋረጡት። አምስት ወር ፈጅቷል፤ 48 ጨዋታ ተደርጓል፤ 40ዎቹ አቻ ናቸው። ውሳኔው ማንን ጠቀመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚያው ዓመት በድጋሚ ሲገናኙ ጨዋታው በ24 ተገደበ፤ አቻም ግማሽ ነጥቡን መልሶ አገኘ። ካስፓሮቭ 13 ለ 11 አሸንፎ ዘውዱን ወሰደ።

ግማሽ ነጥብም የራሱ ሕመም አለው። እ.አ.አ በ1962 በኩራሳዎ ደሴት በተካሄደው የተፋላሚዎች ውድድር ሦስቱ የሶቪየት ተጫዋቾች ቲግራን ፔትሮስያን፣ ፖል ኬሬስ እና ዬፊም ጌለር እርስ በርስ ያደረጓቸውን 12 ጨዋታዎች በሙሉ በአቻ ጨረሱ። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ተመሳጥረውብኛል ሲል በአደባባይ ከሰሰ። ፊዴም ቀጣዩን የማጣሪያ ዙር አንድ ለአንድ በሚደረግ ፍልሚያ ተካው። በ2005 በቡልጋሪያ ሶፊያ የተጀመረው ደንብ ደግሞ ተጫዋቾች በቀጥታ ለተጋጣሚያቸው አቻ እንዳያቀርቡ ከለከለ።

የእግር ኳስ ተከታታዮች ሌላ መፍትሔ ያውቃሉ፤ ለድል 3፣ ለአቻ 1። በስፔን ቢልባኦ በ2008 የተካሄደው የቼዝ ውድድር ይህንኑ ተጠቀመ። ልዩነቱን ለማየት ሁለት ተጫዋቾችን እናስብ። አንዱ አራት ጨዋታ ተጫውቶ ሁሉንም አቻ ወጣ፤ ሌላው ሁለቱን አሸንፎ በሁለቱ ተሸነፈ። በተለመደው የቼዝ ስሌት ሁለቱም 2 ነጥብ አላቸው። በእግር ኳሱ ስሌት ግን የመጀመሪያው 4፣ ሁለተኛው 6 ይይዛል። አጥቂው ይሸለማል። ነገር ግን ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሁለት ጊዜ የሚገናኙ ተጫዋቾች ሁለት አቻ ከሚወጡ አንድ አንድ ድል ቢለዋወጡ ለየራሳቸው ከ2 ይልቅ 3 ነጥብ ያገኛሉ። ማጭበርበርን ለመከልከል የወጣ ደንብ ለሌላ ማጭበርበር ሊያመች ይችላል ማለት ነው። የኖርዌይ ቼዝ ውድድር ከ2019 ጀምሮ የመረጠው ደግሞ አቻ የወጡትን ወዲያው አርማጌዶን በሚባል ፈጣን ጨዋታ ማፋለም ነው፤ ነጭ ብዙ ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ጥቁር ግን አቻ ከወጣ እንዳሸነፈ ይቆጠርለታል።

ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ከተማ ውድድር የሚልኩ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማቸው ግን "በነጥብ እኩል ሆኖ ልጄ ለምን ሁለተኛ ተባለ?" የሚለው ነው። በስዊስ ሥርዓት ሁሉም ከሁሉም ጋር አይገናኝም፤ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገጥማሉ። ስለዚህ ቡክሆልዝ የተባለው መለያ የተጋጣሚዎችን ነጥብ ይደምራል። ሁለት ልጆች ከ7 ዙር 5 ነጥብ ቢይዙ፣ የአንደኛው ተጋጣሚዎች በድምሩ 28፣ የሌላኛው 25 ካገኙ ዋንጫው ለመጀመሪያው ነው፤ ጠንካሮችን ገጥሟልና። ሶነቦርን በርገር የሚባለው መለያ ደግሞ የተሸነፉለትን ተጋጣሚዎች ነጥብ ሙሉውን፣ አቻ የወጣቸውን ደግሞ ግማሹን ይወስዳል። የትኛው መለያ እንደሚቀድም ውድድሩ ሳይጀመር ከአዘጋጁ ጠይቆ ማወቅ ይገባል።

አቻ ሁልጊዜ ኪሳራ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በፊዴ የደረጃ ስሌት 1800 ነጥብ ያለው ተጫዋች 2000 ካለው ጋር ሲገናኝ በአማካይ የሚጠበቅበት ሩብ ነጥብ ያህል ብቻ ነው። አቻ ከወጣ ከተጠበቀው በላይ አግኝቷልና ደረጃው ከፍ ይላል፤ ለአብዛኞቹ ተጫዋቾች በሚሠራው ስሌት ጭማሪው 5 ነጥብ ገደማ ነው። የበላዩ ተጫዋች ያንኑ ያህል ያጣል።

በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ ክርክሩ አልተቋጨም። በ2018 ለንደን ላይ ካርልሰን እና አሜሪካዊው ፋቢያኖ ካሩዋና ያደረጓቸው 12 መደበኛ ጨዋታዎች ሁሉም አቻ ሆኑ፤ ካርልሰን በፈጣን ጨዋታዎች 3 ለ 0 አሸንፎ ዘውዱን አስጠበቀ። ዲሴምበር 31 ቀን 2024 በኒው ዮርክ የብሊትዝ ዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደግሞ ካርልሰን እና ኢያን ኔፖምኒያሽቺ ከአራት ጨዋታ በኋላ 2 ለ 2 ሆኑ። ደንቡ አንዱ እስኪያሸንፍ ቀጥሉ ይላል። ሦስት ተጨማሪ ጨዋታዎች አቻ ሲሆኑ ካርልሰን ማዕረጉን እንጋራው ብሎ ጠየቀ፤ ፊዴም ተስማማ። ለመጀመሪያ ጊዜ የብሊትዝ ሻምፒዮንነቱ በሁለት ሰዎች ስም ተመዘገበ።