የወፍ ማስፈራሪያ የልጆች ልብስ

በአሜሪካ ልጆች ኦክቶበር 31 በሚከበረው የሃሎዊን ምሽት የሚለብሱት፣ ማሳ ላይ ወፍ እንዲያባርር የሚተከለውን ጭድ የተሞላ ምስለ ሰው የሚያስመስል ልብስ ነው። መልኩን በሰፊው ያስተዋወቁት በ1900 እ.ኤ.አ. የታተመው የኤል. ፍራንክ ባውም መጽሐፍና ከእሱ ተወስዶ በ1939 የወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ፊልም ናቸው፤ ተዋናዩ ሬይ ቦልጀር በፊልሙ ማስፈራሪያውን ሆኖ የለበሰው ልብስ በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ይህ ልብስ ከሱቅ ከሚገዛ ቤት ቢሠራ ይሻላል፤ ማስፈራሪያው ራሱ ገበሬው ከጣለው አሮጌ ልብስ የሚሠራ ነውና። የአባት ያረጀ ሸሚዝ፣ ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ባርኔጣና ወገብ ላይ የሚታሰር ገመድ ይበቃሉ። ጉልበትና ክርን ላይ እራፊ በትልልቅ ስፌት ይጣፋል፤ ስፌቱ ቢንሻፈፍ እንዲያውም ያምርበታል፣ ስለዚህ መስፋት የማይችል ወላጅም አይቸገርም። እውነተኛ ጭድ ካልገባበት ጎደሎ ነው የሚሉ አሉ። የጭድ ኮሽታና ቀለም በእርግጥ ልዩ ነው። ነገር ግን ጭድ ቆዳ ያሳክካል፣ በየመንገዱ ይረግፋል፣ ከሁሉም በላይ በየደጁ በተፈለፈለ ዱባ ውስጥ ሻማ በሚበራበት ምሽት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ከእጅጌና ከሱሪ ጫፍ አጠር ተደርጎ የተሰፋ ቢጫ የሱፍ ክር ግን ጭዱን ያስመስላል፤ ሱፍ ደግሞ ቶሎ አይቀጣጠልም። የጆንያ ጭምብልም ሊቀር ይገባል፤ በጨለማ መንገድ የሚሻገር ልጅ እይታው መጋረድ የለበትም። ለቆዳ በተዘጋጀ ቀለም ባለሦስት ማዕዘን አፍንጫና ከከንፈር ጥግ እስከ ጉንጭ የሚሄድ የስፌት መስመር መሳል ያንኑ መልክ ይሰጣል።